ከመስኮት መስታወት ቁርጥራጭ ጌጥ መሥራት፦ ለምን ተሰነጠቀ? ለምን ጭጋግ ለበሰ?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ ከወንድሟ ጋር የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ላይ ናት። በአጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«ሱቃችን ውስጥ በየቀኑ የሚጣል የመስታወት ቁርጥራጭ አለ። ኮምቦልቻ ካለ ሰው አሮጌ የላብራቶሪ ምድጃ ገዛሁ። ዲግሪ ያሳያል፣ እስከ 1000 ይደርሳል። ሁለት የመስኮት መስታወት ደራርቤ፣ በመሃላቸው የቢራ ጠርሙስ ስብርባሪ አድርጌ 850 ላይ አቀለጥኩት። ከዚያ አጠፋሁትና ትንሽ ሲበርድ በሩን ከፍቼ አየሁት። ቆንጆ ነበር። ግን ላዩ ታጥቦ የማይለቅ ነጭ ጭጋግ ለብሷል፤ መሃሉ ላይም ትልቅ አረፋ አለው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ጧ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ማንም አልነካውም። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? ከዚህስ ምን ዓይነት ጌጥ መሥራት ይቻላል?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ምድጃሽም መስታወትሽም ደህና ናቸው። ያየሻቸው ሦስት ችግሮች እያንዳንዳቸው የታወቀ ምክንያት አላቸው። ከስንጥቁ ልጀምር፤ ከባዱ እሱ ነውና።

መስታወት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። የመስኮት መስታወት ከ550 ዲግሪ በላይ እስካለ ድረስ ውስጡ ገና ስላልጠነከረ ራሱን እያስተካከለ ይሄዳል። ከ500 ዲግሪ ሲወርድ ግን ደርቆ ይቆማል። ችግሩ የሚፈጠረው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። አንቺ ምድጃውን አጥፍተሽ በሩን ስትከፍቺ ላዩ ቶሎ በረደ፣ ልቡ ግን ትኩስ ነበር። ላዩ ደርቆ ከቆመ በኋላ ልቡ መሰብሰብ ጀመረ። ልቡ ይጎትታል፣ ላዩ አልንቀሳቀስም ይላል። ያ ጉተታ ውስጡ ታስሮ ቀረ። በዓይን አይታይም። ሌሊት የደሴ ብርድ፣ ቀን ፀሐይ ሲፈራረቁበት፣ ወይም ጠርዙ ላይ የነበረች ትንሽ ጭረት ስትሰፋ፣ የታሰረው ነገር ራሱን ይለቃል። ለዚህ ነው ማንም ሳይነካው የተሰነጠቀው።

መድኃኒቱ ማሳረፍ ነው። ባለሙያዎች አኒሊንግ ይሉታል። ቀልጦ ከተዋሃደ በኋላ ምድጃው ወደ 550 ሲወርድ እዚያው ታቆሚዋለሽ። ለ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ይበቃል። በዚያ ሰዓት ላዩም ልቡም አንድ ዓይነት ሙቀት ይይዛሉ። ከዚያ እስከ 430 ድረስ በሰዓት ከ60 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት ታወርጂዋለሽ። ምድጃሽ ፕሮግራም የማይቀበል ከሆነ በየ20 ደቂቃው ቁጥሩን 20 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ነው። ከ430 በታች በሰዓት 100 ዲግሪ ቢወርድ ችግር የለውም። ብዙ ምድጃ በሩ እንደተዘጋ ከተተወ ከዚህም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ወፍራም ዕቃ ከሆነ ጊዜው በጣም ይረዝማል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የማሳረፊያው ሰዓት ከእጥፍ በላይ ይጨምራል።

እንደ እኔ እምነት የዚህ ሥራ ሙያ ያለው ከቀለጠ በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ማቅለጥ ማንም ያቀልጣል። ብዙ ሰው ቁርጥራጩ ሲዋሃድ አይቶ «በቃ ሆነ» ይላል፤ ሥራው ግን ገና ግማሽ ላይ ነው። ስለዚህ በሩ ከ50 ዲግሪ በላይ አይከፈት። ዓይን ይጓጓል፣ አውቃለሁ። አይከፈት።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የቢራ ጠርሙሱ ነው። የመስኮት መስታወትም ጠርሙስም በመሠረቱ ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ነው የሚሠሩት። ግን ቅመማቸው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያል። ቅመሙ ሲለይ ሲበርዱ የሚሰበሰቡበት መጠንም ይለያል። ለዚህ ሥራ ተብሎ ውጭ አገር የሚመረተው መስታወት 90 ወይም 96 የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ይሸጣል። ቁጥሩ የመስፋት መጠኑ ነው። ባለ 90 እና ባለ 96 እንኳ አንድ ላይ አይገቡም። የመስኮት መስታወት 85 አካባቢ ነው። ቦሮሲሊኬት ከሚባለው ሙቀት ቻይ መስታወት የተሠራው የፓይሬክስ ዕቃ ደግሞ 33 ገደማ ነው፤ ከሌላው ጋር በምንም መንገድ አይስማማም። ሁለት የማይስማሙ መስታወቶች ቀልጠው ሲዋሃዱ ያምራሉ፣ ሲበርዱ ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል። እዚህ ላይ ማሳረፍ አያድንም። ቢፈልግ ቀኑን ሙሉ 550 ላይ ይቆይ፣ ጉተታው አይጠፋም።

ያንቺ የትኛው እንደሆነ ስብርባሪው ራሱ ይነግርሻል። ሁለቱን ግማሾች ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሚና ስንጥቁን ተከተይው። የጠርሙሱን ቁራጭ ዙሪያ ይዞ ከዞረ አልተስማሙም ማለት ነው። ጠርሙሱን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ዕቃውን ጠመዝማዛ መስመር ይዞ አቋርጦ ከሄደ ማሳረፉ ነው የጎደለው። ለወደፊቱ ደግሞ ይህን ያዢ፦ ምድጃውን ስትከፍቺ የተሰነጠቀ ዕቃ ካገኘሽ የስንጥቁን ጠርዝ በጥንቃቄ እዪው። የተሳለ ከሆነ ሲበርድ የተሰነጠቀ ነው። ድቡልቡል ብሎ ከለሰለሰ ሲሞቅ ነው የተሰነጠቀው፤ ከዚያ እሳቱ ጠርዙን አቀለጠው። ያኔ ማስተካከል ያለብሽ የማሞቂያ ፍጥነቱን ነው።

ሳይሰነጠቅ በፊትስ? ለዚህ ደግሞ አንድ ብር የማያስወጣ ምርመራ አለ። ላፕቶፕ ከፍተሽ ስክሪኑን ነጭ አድርጊው። ፖላራይዝድ የሚባለውን የፀሐይ መነጽር ፊቱ ያዢና ቀስ እያልሽ አዙሪው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ በመነጽሩ ውስጥ ጥቁር ይሆናል። ካልጠቆረ መነጽሩ ፖላራይዝድ አይደለም፤ ሌላ ሞክሪ። አሁን ሙሉ በሙሉ የበረደውን መስታወትሽን በስክሪኑና በመነጽሩ መካከል አስገቢው። ጤነኛ ከሆነ ጥቁሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በቀለሙ ቁራጭ ዙሪያ ነጭ ብርሃን ቦግ ካለ እዚያ ጉተታ አለ። ብርሃኑ ማዕዘኖቹ ላይና ጠርዙን ይዞ ከሆነ የማሳረፍ ችግር ነው። መስታወቱ ትንሽ እንኳ ከሞቀ ግን ውጤቱ ያሳስታል፤ በእጅሽ ብዙ አትያዢው።

በዚህ መንገድ ሱቃችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ መፈተን ትችያለሽ። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንጹህ መስታወት ቆርጠሽ፣ ላዩ ላይ ከየጠርሙሱ የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ አራርቀሽ አስቀምጪ። አቅልጪ፣ አሳርፊ፣ ከዚያ በመነጽሩ እዪ። ብርሃን ያላወጣውን ጠርሙስ ዓይነቱን መዝግበሽ ያዢው። ግን ተጠንቀቂ። ዛሬ የተስማማው ጠርሙስ ከሌላ ፋብሪካ ወይም ከሌላ ጊዜ ምርት ሲመጣ ላይስማማ ይችላል። አንድ ነጠላ ጠርሙስ ተሰብሮ ቁርጥራጮቹ እርስ በርሳቸው ሲዋሃዱ ግን ሁልጊዜ ይስማማሉ፤ ሁሉም ከአንድ ድስት የወጡ ናቸውና። መስኮቱም እንዲሁ ነው። ከአንድ ትልቅ መስታወት ላይ የወጣውን ቁርጥራጭ ለብቻው በአንድ ሣጥን ሰብስቢ፣ ከሌላው አታቀላቅዪ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ወደ ነጩ ጭጋግ ልምጣ። የመስታወት ላዩ ከ680 እስከ 780 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ብዙ ሲቆይ ደቃቅ ክሪስታል መሥራት ይጀምራል። ጭጋጉ እሱ ነው። ስለዚህ ነው በኦሞም በኮምጣጤም የማይለቀው። የመስኮት መስታወት በዚህ በኩል ለጌጥ ተብሎ ከሚመረተው ይልቅ ቶሎ ይጠቃል። ክሪስታሉ ደግሞ መነሻ ይፈልጋል፤ አቧራ፣ የጣት አሻራ፣ የመቁረጫ ዘይት፣ የቧንቧ ውሃ ደርቆ የተወው የኖራ ነጥብ ሁሉ መነሻ ይሆኑታል።

ስለዚህ እጠቢው፣ ግን እንደ ሳህን አይደለም። በሳሙና ካጠብሽ በኋላ በባትሪ ውሃ አለቅልቂው። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ኖራ የለውም። ክር በማይተው ጨርቅ አድርቂው፤ ከዚያ በኋላ ጠርዙን ብቻ ነው የምትይዢው። ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። 680 ካለፈ በኋላ ምድጃው በሙሉ አቅሙ ይሂድ። ስትመለሺም እስከ 550 ድረስ ቶሎ ይውረድ፤ በሩን ሳትከፍቺ ማለቴ ነው። ይህ ሁሉ ካልበቃ ቦራክስ አለ። ወርቅ ሰሪዎች ለብየዳ የሚጠቀሙበት ነው፤ ከእነሱ ጠይቂ። አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ አሟሚና ላዩን በለስላሳ ብሩሽ ስስ አድርገሽ ቀቢው። ሲቀልጥ ላዩ ላይ ስስ አንጸባራቂ ልባስ ይሆናል። ጭጋግ የለበሰውንም ዕቃ በቀጭን የውሃ ሸርሻሪ ወረቀት እያረጠብሽ ፈትገሽ፣ ቦራክስ ቀብተሽ እንደገና ብታቀልጪው ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የመስኮት መስታወት ሁለት ፊቱ አንድ አይደለም። ዛሬ ዓለም ላይ ያለው የመስኮት መስታወት በአብዛኛው የሚሠራው የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ድርጅት በ1959 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ዘዴ ነው። የቀለጠው መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) ላይ ተንሳፍፎ እየተዘረጋ ይደርቃል። ስለዚህ አንዱ ፊት ላይ ዓይን የማያየው የቆርቆሮ ብረት ይቀራል። ያ ፊት በእሳት ሲጎብጥ አንዳንዴ የተሸበሸበ ደብዛዛ መልክ ያወጣል። የሚለየው አጭር ሞገድ ባለው የዩቪ መብራት ነው፤ የብር ኖት መፈተሻው ዓይነት አይሆንም። መብራቱ ከሌለሽ ከአንድ ትልቅ መስታወት ስትቆርጪ ሁሉንም ቁራጭ በአንድ ፊቱ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጊ። አንዴ ያን ፊት ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አድርገሽ አቅልጪና የትኛው እንደሚያምር አወዳድሪ።

አረፋው ቀላል ነው። ሁለት መስታወት መሃል ጠርሙስ ስታስገቢ በሁለቱ መካከል ክፍተት ፈጠርሽ። ጠርዙ ቀድሞ ተጣበቀና አየሩ ታሰረ። ከዚያ ሙቀቱ ሲነፋው መሃሉ አበጠ። ቁራጩን ከላይ አድርጊው። የግድ መሃል መግባት ያለበት ነገር ካለ ደግሞ ምድጃውን 650 ገደማ ላይ ግማሽ ሰዓት አቁሚው። በዚያ ሙቀት የላይኛው መስታወት በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይተኛል፤ አየሩንም እየገፋ ያስወጣል። የላብራቶሪ ምድጃ እሳቱ ከጎን ስለሆነ ጠርዙ ከመሃሉ ቀድሞ ይሞቃል፤ አረፋውን ያባሰውም ይህ ነው። መስታወቱን ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አርቂው። ከወለሉም እሳት በሚችሉ ትናንሽ እግሮች ላይ በተቀመጠ ሰሌዳ ከፍ አድርጊው።

እንግዲህ ሙሉው መንገድ ይህን ይመስላል። ለሁለት ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት በሰዓት 150 ዲግሪ እየጨመርሽ እስከ 540። ከዚያ በሰዓት 100 እያልሽ እስከ 650፤ እዚያ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ በሙሉ አቅም እስከ 815፤ እዚያ 10 ደቂቃ። 850 ለዚህ ሥራ በዝቷል። ከዚያ ቶሎ ወደ 550፣ አንድ ሰዓት። በሰዓት 60 እስከ 430፣ ከዚያ በሰዓት 100 እስኪበርድ። በጠቅላላው 13 ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ብትጀምሪ ማታ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጨርሻለሽ፤ በሩን ግን በማግስቱ ጠዋት ክፈቺው። ምድጃ ሁሉ የራሱ ጠባይ አለው፤ ያንቺ ቁጥር ከእኔ 15 ወይም 20 ዲግሪ ሊለይ ይችላል። ቁጥርሽን የምታገኚው በትንንሽ ቁርጥራጭ ነው። አንዱን 730፣ አንዱን 760፣ አንዱን 790፣ አንዱን 815 ላይ አቅልጪ። በመጀመሪያው ሁለቱ መስታወቶች ይጣበቃሉ፣ ግን የላይኛው ቅርጹንና ጠርዙን ይዞ ይቀራል። እየጨመረ ሲሄድ ጠርዙ ይለሰልሳል። በመጨረሻው ሁለቱ አንድ ሆነው ላዩ ይተኛል። አራቱን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ለጥፈሽ ግድግዳሽ ላይ ስቀዪ። ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ የምትመለከቺው እሱን ይሆናል።

ውፍረትን በተመለከተ፣ የቀለጠ መስታወት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት የመሄድ ጠባይ አለው። ከዚያ የሳሳው ራሱን ሰብስቦ ጠርዙ ይኮማተራል፤ የወፈረው ደግሞ ይዘረጋል። አንድ ባለ 3 ብቻውን ብታቀልጪ ትንሽ ያንሳል፣ ዙሪያውም እንደ መርፌ ሹል ሊያወጣ ይችላል። ሁለት ባለ 3 መጠናቸውን ይጠብቃሉ። ሁለት ባለ 4 ትንሽ ይሰፋሉ፤ ዳር ላይ ቦታ ተዪላቸው።

መብራት ቢጠፋስ? ወሎ ውስጥ ሆነን ይህን ሳናነሳ ብንቀር ይቆጨናል። እየሞቀ ሳለ ከጠፋ በሩን እንደዘጋሽ ጠብቂ። ሲመጣ ከደረሰበት ዲግሪ ተነስተሽ በዝግታ ቀጥዪ። ከቀለጠ በኋላ፣ በማሳረፊያው ሰዓት ከጠፋም አትደንግጪ። ዕቃው እስካልተሰነጠቀ ድረስ ማሳረፍን መድገም ይቻላል። መብራቱ ሲመለስ በሰዓት ከ100 ባልበለጠ ፍጥነት ወደ 550 መልሽውና ከዚያ እንደ አዲስ ጀምሪ። በማግስቱም በሳምንቱም ቢሆን ያው ነው። በመነጽሩ ብርሃን ያየሽበትንም ዕቃ እንዲሁ ማዳን ይቻላል፤ ችግሩ የሁለት መስታወት አለመስማማት ካልሆነ በስተቀር።

ሰሌዳው ላይ መስታወቱ እንዳይጣበቅ ልባስ ያስፈልጋል። የሚሸጠው አሉሚና ሃይድሬት ከሚባል ነጭ ዱቄትና ከካኦሊን፣ ማለትም ከነጭ የሸክላ አፈር፣ የተዘጋጀ ነው፤ በውሃ በጥብጦ በብሩሽ ሦስት አራት ጊዜ መቀባት። እስኪደርቅ 250 ዲግሪ ላይ አቆይው፤ እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ከሥር አረፋ ይሠራል። ካኦሊን ብቻውንም ይሠራል፣ ግን በከፍተኛ ሙቀት ወደ መስታወቱ የመጣበቅ ጠባይ አለው። ከእያንዳንዱ ሙሉ ማቅለጥ በኋላ አሮጌውን ልባስ አርጥበሽ ፋቂና እንደገና ቀቢ። በደረቁ አትፋቂው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

ምድጃው ውስጥ መግባት የሌለባቸው አሉ። መልክ ማያ መስታወት ከጀርባው ብርና ቀለም አለው፤ ይቅር። የመኪና የፊት መስታወት መሃሉ ፕላስቲክ ነው፤ ይቅር። የመኪና የጎን መስታወት ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ፣ ስለሆነ አይቆረጥም፣ ሲሰበር የሚወጣው ደቃቅ ግን ሊቀልጥ ይችላል። ክሪስታል የሚባሉ ከባድ ብርጭቆዎች እርሳስ ሊኖራቸው ስለሚችል አታስገቢ። ናስና ዚንክ የተቀባ ሽቦ ጭሳቸው መርዝ ነው።

አሁን ወደ ደስታው እንምጣ። ቀለም የት አገኛለሁ ብለሽ አትጨነቂ፤ ከንጹህ መስታወት ብቻ ብዙ ይወጣል።

በመጀመሪያ መዳብ ሞክሪ። የኤሌክትሪክ ገመድ ልጠሽ ውስጡ ያለውን ቀጭን ክር አውጪ። ፕላስቲኩን በእሳት አታቃጥዪ፣ ልጪው። ክሩን እንደፈለግሽ ጠምዝዘሽ በሁለት መስታወት መካከል አድርጊው። አየር እንዳገኘው መጠን አንዳንዴ ቀይ ቡናማ፣ አንዳንዴ ጥቁር፣ ዳሩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያወጣል። መዳብ ከመስታወት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ግን ክሩ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ራሱ ይሸነፋል። ወፍራም ሽቦ ከሆነ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛ ቅጠል። ሣርና የእህል አገዳ በውስጣቸው ሲሊካ ስላላቸው ሲቃጠሉ አመዳቸው ቅርጹን ይዞ ይቀራል። በመጽሐፍ መሃል ተጭኖ የደረቀ የጤፍ ዘለላ በሁለት ንጹህ መስታወት መካከል አስቀምጪ። 600 ከመድረሱ በፊት ጊዜ ስጪው፤ ጭሱ ወጥቶ ይለቅ። ስትከፍቺው እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ነጭ ሆኖ በመስታወቱ ውስጥ ተቀርጾ ታገኚዋለሽ። በእኔ ዓይን ወሎ ውስጥ ለሚሠራ መስታወት ከዚህ የሚበልጥ ጌጥ የለም። ሰው መስኮቱ ላይ ሰቅሎት «ይህማ የእኛ ጤፍ ነው» የሚለውን ነገር ከቻይና ማምጣት አይቻልም።

ሦስተኛ ዶቃ። ጋና ውስጥ የክሮቦ ሕዝብ ከድሮ ጀምሮ የጠርሙስ ስብርባሪ ፈጭቶ ዶቃ ይሠራል። የሸክላ ቅርጽ ውስጥ ትናንሽ ጉድጓዶች ያበጁና በካኦሊን ይቀቧቸዋል። የተፈጨውን መስታወት ይሞሉበታል። በመሃሉ የካሳቫ ቅጠል አገዳ ይተክላሉ፤ አገዳው ተቃጥሎ ሲጠፋ ክር ማስገቢያው ቀዳዳ ይቀራል። የወሎ ሸክላ ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ቅርጽ ለመሥራት የሚያንሱ አይደሉም። ለቀዳዳው የስንዴ አገዳ መሞከር ይቻላል፤ ወይም በካኦሊን የተቀባ የሚግል ሽቦ፣ ያ ለኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሸጠው፣ ተክለሽ ሲበርድ ማውጣት። ለእያንዳንዱ ዶቃ ከአንድ ጠርሙስ ብቻ ውሰጂ። ቡናማው የቢራ ጠርሙስ ያኔ ነው ቦታውን የሚያገኘው። ጠርሙሱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ በብረት ሙቀጫ ውቂው፣ ግን የወጥ ቤቱ ሙቀጫ አይሁን። በማግኔት የብረት ፍርፋሪውን ልቀሚ። የዓይን መከላከያና ጥሩ የአፍንጫ ጭምብል የግድ ነው፤ ልጆች ካሉበት ግቢም አይወቀጥ። በጣም ከደቀቀ አየር ስለሚይዝ ደብዛዛ ይሆናል፣ ሻካራ ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ሁለቱንም ሞክሪ። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ዶቃ የሚያይ ዓይን ሞልቷል፤ ሦስት አራት ዓይነት ይዘሽ ሂጂና የትኛውን አንስተው እንደሚያገላብጡ እዪ።

ጎድጓዳ ሳህን ከፈለግሽ መጀመሪያ ጠፍጣፋውን አቅልጠሽ፣ አሳርፈሽ፣ በሌላ ቀን በሸክላ ቅርጽ ላይ አስቀምጠሽ ከ660 እስከ 690 ባለው ውስጥ ታጎብጪዋለሽ። የሸክላው ሥር ላይ ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎች ይኑሩ። መስታወቱ ሁልጊዜ ወደ ሸክላው ውስጥ ይግባ እንጂ በሸክላው ጀርባ ላይ አይፍሰስ። ሲበርድ መስታወት ከሸክላ ይበልጥ ይሰበሰባል። ጀርባው ላይ ከሆነ ሸክላውን አቅፎ ራሱን ይሰነጥቃል። በጀርባ ማልበስ ካማረሽ የማይዝግ ብረት ጎድጓዳ ተጠቀሚ፤ ብረቱ ከመስታወቱ በልጦ ስለሚሰበሰብ ይለቀዋል። እንዲህ ያለው ሳህን ለቁልፍ፣ ለዶቃ፣ ለጌጥ ይሁን። የጠርሙሱንና የቀለሙን ቅመም ስለማናውቀው ምግብ አይቀመጥበት።

ለቡና ዕቃ ብዙ ሰው ይጠይቅሻል፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። ተራ መስታወት በአንድ ጊዜ የሚችለው የሙቀት ልዩነት 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ረከቦት ላይ እንደ ጌጥ የሚለጠፍ ጠፍጣፋ፣ ከሲኒ ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ማስቀመጫ ይሆናል። ሲኒው ራሱ ሙቀቱን ያበርደዋል። ከከሰል ላይ የወረደ ጀበና ግን ቀጥታ አይቀመጥበትም፤ የሣር ማቶት ጣልቃ ይግባ። ማጨሻ ሥሪልን ሲሉሽ ፍሙ የሚቀመጥበት ክፍል ሸክላ ይሁን። መስታወቱን ከእሳቱ አርቀሽ፣ ከሥሩ እንደ ሰፊ ሳህን ሥሪው።